የታማኝነት ዋጋ በመድረክ አይሸጥም



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ በሬ ነው።

በጥር መጨረሻ፣ የበልግ እርሻ ሊጀመር ሲል፣ ከአጥቢያችን አባላት አንዱ ያለውን አንድ በሬ ዲምቱ ገበያ አውጥቶ ሸጠ። ገንዘቡን በዚያው ሳምንት ለሦስት ቀን በተካሄደ ኮንፈረንስ ላይ፣ ከሩቅ በመጣ “ነቢይ” እግር ሥር አኖረ። የተነገረው ቃል አጭር ነበር፦ የሚያምህን ዝራ፤ በአርባ ቀን ውስጥ ደቡብ አፍሪካ ላለው ልጅህ በር ይከፈታል፤ አንተም ከሞፈር ተላቀህ በመኪና ትሄዳለህ። አርባው ቀን አለፈ። ሰማንያውም አለፈ።

እኛ ዘንድ ሁለት በሬ ያለው ገበሬ ብዙ አይደለም። ይህ ወንድም የሚያርሰው በሬውን ከጎረቤቱ በሬ ጋር አጣምሮ ነበር። ስለዚህ ያ መባ የጎረቤቱንም እርሻ አስታጎለ። ጎረቤቱ ግን ኮንፈረንሱ ላይ እንኳ አልነበረም።

ሰውየው ቤቴ መጥቶ ሲቀመጥ፣ “ገንዘቤን አስመልስልኝ” የሚለኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ “መጋቢ፣ እምነቴ የጎደለው የቱ ላይ ነው?” ብሎ ጠየቀኝ።

መልስ አጣሁ። ያጣሁትም ባለማወቅ አልነበረም። በዚያ ምሽት በፊተኛው መደዳ ተቀምጬ ከሕዝቡ ጋር “አሜን” ያልኩ ሰው ነኝ። ነገሩ ልቤን ቆርቁሮታል፤ ነገር ግን ስብሰባው እንዳይረበሽ፣ ወጣቶቹም “መጋቢያችን መንፈስን ይቃወማል” እንዳይሉኝ ዝም አልኩ። በኮሌጅ ለዓመታት የተማርኩት ሥነ መለኮት ያን ምሽት ከወንበሬ አላስነሳኝም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የዚያን ቀን “አሜን” በአደባባይ እንደ መመለስ ቁጠሩልኝ።

እግዚአብሔር ዋጋ ይከፍላል

አስቀድሜ አንድ ነገር ላጥራ። እግዚአብሔር ለታማኝነትና ለትጋት ዋጋ አይሰጥም የሚል ትምህርት የለኝም። ይሰጣል። መጽሐፍ ቅዱስ ከዳር እስከ ዳር ይህንኑ ይመሰክራል።

ያዕቆብን ተመልከቱ (ዘፍ. 31)። ሃያ ዓመት የላባን መንጋ ጠበቀ። ቀን በሐሩር፣ ሌሊት በውርጭ ተንገላታ፤ እንቅልፍ ከዓይኑ ራቀ። ላባ ደመወዙን አሥር ጊዜ ለወጠበት። በመጨረሻ ያዕቆብ አማቱን ፊት ለፊት ሲናገረው የተመካበት ነገር አንድ ነው፦ የአባቶቼ አምላክ መከራዬንና የእጄን ድካም አይቷል አለ። ሩትንም ተመልከቱ (ሩት 2)። ባዕድ፣ መበለት፣ ቃርሚያ ለቃሚ ነበረች። ቦዔዝ የመረቃት አማቷን እንዴት እንደያዘች ከሰማና በእርሻው ስትደክም ካየ በኋላ ነው። የዕብራውያን ጸሐፊም፣ አማኞች ለቅዱሳን የሠሩትን ሥራ ቢረሳ እግዚአብሔር ዓመፀኛ በሆነ ነበር፤ እርሱ ግን ዓመፀኛ አይደለም ብሎ ይከራከራል (ዕብ. 6፥10)። ዋጋ መክፈሉን ከጽድቁ ጋር ነው ያያያዘው።

እንግዲህ ጥያቄው “እግዚአብሔር ይከፍላል ወይስ አይከፍልም?” አይደለም። ጠባችን ይህን እውነት ወስደው ዘሩን፣ ጊዜውንና ዋጋውን ከለወጡት ጋር ነው።

ዘሩን ለወጡት

በእነዚህ መድረኮች “ዘር” ማለት ብር ነው። የሚዘራበት እርሻ ደግሞ የሰባኪው ኪስ ነው። ለዚህ ከሚጠቀሱት ታሪኮች አንዱ ይስሐቅ ነው፤ በራብ ዘመን ዘርቶ በዚያው ዓመት መቶ እጥፍ አገኘ (ዘፍ. 26፥12)። እስቲ ምዕራፉን ጨርሰን እናንብበው። ይስሐቅ የዘራው በመሬት ላይ የሚዘራ እውነተኛ እህል ነው። ከዚያም በረከቱ ቅናት አመጣበት፤ የአባቱን ጉድጓዶች አፈር ሞሉበት። አንዱን ቆፈረ፣ ተጣሉት። ሌላ ቆፈረ፣ በዚያም ተጣሉት። ሦስተኛ ቆፈረ። የመቶ እጥፉ ባለቤት በእጁ ዶማ የያዘ ሰው ነው። ይህን ክፍል ግን ከመድረክ ሲነበብ ሰምቼ አላውቅም።

“በብዛት የሚዘራ በብዛት ያጭዳል” የሚለውስ? ጳውሎስ ይህን ሐሳብ ለቆሮንቶስ ሰዎች ያነሣው በኢየሩሳሌም ላሉ ችግረኛ ቅዱሳን እርዳታ ሲያሰባስብ ነው (2 ቆሮ. 8 እና 9)። ገንዘቡ ካለው ወደ ሌለው ይሄድ ነበር። ሰጪው በግድ እንዳይሰጥ፣ በልቡ እንዳሰበ እንዲሰጥም አዝዟል። አድራሻውም ሐቀኛ እንዲሆን ገንዘቡን የሚያደርሱት ሌሎች የታመኑ ወንድሞች ጭምር እንዲሆኑ አድርጓል። ዛሬ ግን ገንዘቡ ከሌለው ወደ ሞላው ይሄዳል፤ ደረሰኝ የለው፣ ቆጣሪ የለው።

“ለአገልጋይ ደመወዙ ይገባዋል፤ የሚያበራየውን በሬ አፉን አትሰር ተብሏል” የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፤ እኔም ከምዕመናን መባ የምበላ ሰው ነኝ። ትእዛዙ ግን በሬው ከሚያበራየው ላይ እንዲቀምስ ነው የፈቀደው። እናንተ የገበሬውን በሬ ራሱን በላችሁት።

ጊዜውን ለወጡት

ከዲምቱ ወደ ደጋው ስትወጡ በየጓሮው እንሰት ታያላችሁ። እንሰት የሚተክል ሰው በዚያው ዓመት ቆጮ አይጠብቅም። ይተክላል፣ ነቅሎ ያዛውራል፣ ፍግ ያለብሰዋል፣ ዓመታት ይጠብቃል። አንዳንዱ የተከለውን የሚበሉት ልጆቹ ናቸው። የወላይታ እናቶች ይህን ያውቃሉ፤ “በአርባ ቀን” የሚል ሰው የእንሰት ችግኝ ሊሸጥላቸው ቢመጣ ስቀው ነው የሚሸኙት። ታዲያ በጓሯችን የማንቀበለውን ነገር በጸሎት ቤት ለምን እንቀበላለን?

ጌታችን ስለ መክሊቱ ሲናገር የባሪያዎቹ ጌታ የተመለሰው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው ይላል (ማቴ. 25፥19)። አንድ መክሊት የአንድ የቀን ሠራተኛ የሃያ ዓመት ያህል ደመወዝ ነበር። እንግዲህ ትንሽ የተባለው ባሪያ እንኳ የተሰጠው አደራ ከባድ ነበር፤ የሚጠበቀውም ረጅም ነበር። በመካከሉ ማንም መጥቶ “ዛሬ ማታ ሒሳብህ ይዘጋል” አላለውም። ታማኝነት የሚፈተነው በዚህ መካከል ባለው ረጅም ጊዜ ነው። ጊዜውን ያሳጠረ ሰው ታማኝነትን ራሱን አስቀርቶታል።

ዋጋውን ለወጡት

ሁለቱ ትጉ ባሪያዎች ምን ተሰጣቸው? አምስት ያተረፈውና ሁለት ያተረፈው የሰሙት ምስጋና አንድ ነው። ጌታቸው ያመሰገነው የትርፉን መጠን ቢሆን ኖሮ ቃሉ ይለያይ ነበር። ያመሰገነው ታማኝነታቸውን ነው። የሰጣቸውም ዋጋ በብዙ ላይ መሾም ነው፤ ማለትም የበለጠ ሥራ። ከዚያም የጌታቸው ደስታ ተካፋዮች ሆኑ። የተሰጣቸው ዋጋ ጌታው ራሱ፣ ደስታውና አደራው ነው።

ጳውሎስም የቆላስይስን ባሪያዎች፣ ከጌታ የርስትን ዋጋ እንደምትቀበሉ እያወቃችሁ ከልባችሁ ሥሩ ይላቸዋል (ቆላ. 3፥22-24)። አስቡት፤ ባሪያ የሚወርሰው ርስት አልነበረውም። የባለጠጋ ቤት ሲጠርግ ውሎ ሲተኛ በስሙ የተጻፈ አንድ ክንድ መሬት የለውም። ለእርሱ ነው ርስት የተባለለት። ወንጌሉ “በአርባ ቀን ነጻ ትወጣለህ” የሚል ቢሆን ኖሮ ብዙዎቹ ባሪያዎች ወንጌሉ ዋሸን ብለው ይሞቱ ነበር። እነርሱ ግን ማንም ጌታ ሊነጥቃቸው የማይችለውን ዋጋ ይዘው ሞቱ።

የእኛው አባቶች

ወላይታ ውስጥ ተቀምጠን ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የሱዳን ኢንተሪየር ሚሽን ሚስዮናውያን ሶዶ የደረሱት በ1920 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹ አማኞች እስኪጠመቁ ከአምስት ዓመት በላይ ፈጀ። በ1929 ዓ.ም. የጣሊያን ወራሪ ሚስዮናውያኑን ሲያስወጣ በወላይታ የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። በቋንቋቸው የነበራቸው የማርቆስ ወንጌልና ጥቂት የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎች ናቸው።

ከዚያ ስደት መጣ። መሪዎቹ ታሰሩ፣ ተገረፉ፤ ከእነርሱ አንዱ ዋንዳሮ ነበር። በእስር ቤት ላለው ዋንዳሮ “ይህ የደረሰብህ እምነትህ ስለጎደለ ነው” የሚል ሰባኪ ቢላክለት ምን ይለው ነበር? ሚስዮናውያኑ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲመለሱ አሥር ሺህ ያህል አማኞች ጠበቋቸው። ከዚያም የወላይታ ወንጌላውያን ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ ዳውሮ፣ ወደ ሲዳማ፣ እስከ ኦሞ ቆላ ድረስ በእግራቸው ወጡ። ቤተሰብ ይዘው፣ በጥቂት ብር፣ በወባና በጥላቻ መካከል ኖሩ። ብዙዎቹ መኪና አልነዱም። በቆርቆሮ ቤት እንኳ ያልኖሩ አሉ።

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ከወላይታ ሕዝብ ከመቶ ሰባ አንድ ያህሉ ፕሮቴስታንት ነኝ ብሏል። ዛሬ ከእነዚያ መድረኮች ፊት የሚቀመጠው ሕዝብ የእነዚያ አባቶች መከር ነው። አባቶች ያለ ክፍያ የዘሩትን፣ እነዚህ ያለ ድካም ያጭዳሉ። ዕብራውያን 11ን የምናነብ ከሆነ መጨረሻውን አንዝለል፤ በእምነት መንግሥታትን ድል የነሡ እንዳሉ ሁሉ፣ በዚያው እምነት የተገረፉ፣ በመጋዝ የተሰነጠቁ፣ በዋሻ የተንከራተቱ አሉ። ሁሉም በእምነታቸው ተመስክሮላቸዋል።

“መጋቢ፣ አንተ ድህነትን ትሰብካለህ”

ይህን ክስ ለምጄዋለሁ። አልሰብክም። ድህነት በራሱ ጽድቅ አይደለም፤ ስንፍናም ትሕትና አይደለም። ሊሠራ የማይወድ አይብላ ያለው ሐዋርያ ነው (2 ተሰ. 3፥10)። በድካም ሁሉ ትርፍ እንዳለ፣ ወሬ ብቻ ግን ወደ ማጣት እንደሚያደርስ ምሳሌ 14፥23 ያስተምራል። ልጆቻችሁን አስተምሩ፣ ቆጥቡ፣ ጓሯችሁን አልሙ፣ ንግድ ጀምሩ። እግዚአብሔር ሲባርካችሁም አታፍሩበት፤ አካፍሉት።

የምቃወመው የወላይታን ገበሬ ድህነት በእምነቱ ጉድለት ማሳበብን ነው። በዚያው ቆጠራ በዞናችን በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ከ350 በላይ ሰው ይኖር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ ጨምሯል እንጂ አልቀነሰም። አባት መሬቱን ለልጆቹ ሲያካፍል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው የጓሮ ያህል ነው። ዝናብ ሲዘገይ በቆሎው ይቃጠላል። ይህ ሰው ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ የሚሠራ ነው። እርሱን “እምነት የለህም” ማለት ላባ ከያዕቆብ ደመወዝ ላይ የቀነሰውን መቀነስ ነው፤ የላባው ይሻላል፣ ቢያንስ በእግዚአብሔር ስም አላደረገውም።

ለእኛ ለመጋቢዎችም ቃል አለኝ

ጣቴን ወደ ሌሎች ብቻ ብቀስር አድልዎ ይሆናል። “ዋጋችሁ በሰማይ ነው” የሚለውን እውነት የራሳችንን ግዴታ ለመሸሽ የተጠቀምንበት ጊዜ አለ። የጸሎት ቤቱን ጥበቃ ደመወዝ ወራት እያዘገየን “ጌታ ይከፍልሃል” ብለናል። ገጠር የላክነውን ወንጌላዊ ረስተን፣ በዓመት ጉባኤ ላይ “የእምነት ጀግና” ብለን አጨብጭበንለታል። ከእኛው አባላት የጎረቤትን ልጅ ለቤት ሥራ አምጥተው ያለ ደመወዝ የሚያሠሩ አሉ። ያዕቆብ ግን ያልተከፈለ የሠራተኛ ደመወዝ ራሱ ይጮኻል፣ ጩኸቱም ወደ ሠራዊት ጌታ ጆሮ ይገባል ይላል (ያዕ. 5፥4)። ሰማያዊው ዋጋ የምድሩን ዕዳችንን አይሰርዝልንም። አንዱ ሰማይን ወደ ምድር ጎትቶ ይሸጣል፤ ሌላው የምድሩን ዕዳ ወደ ሰማይ ያስተላልፋል። ሁለቱም ከአንድ ድሃ ላይ ነው የሚወስዱት።

የንዕማንን ታሪክ አስታውሱ (2 ነገ. 5)። የሶርያው አለቃ ከለምጹ ሲነጻ በረከት ይዞ ወደ ኤልሳዕ ተመለሰ። ኤልሳዕ ምሎ አልቀበልም አለ፤ ባዕዱ ሰው የእስራኤል አምላክ ጸጋውን እንደማይሸጥ አውቆ እንዲሄድ ነው። ሎሌው ግያዝ ግን ሮጦ ደረሰበት፤ የውሸት ታሪክ ፈጥሮ ብርና ልብስ ተቀበለ። ኤልሳዕ ሲገሥጸው ይህ ጊዜ የሚቀበሉበት ነውን ብሎ ከዘረዘራቸው ነገሮች መካከል በሬ አለበት። ግያዝ ብሩን አገኘ፤ የንዕማንንም ለምጽ አብሮ አገኘ።

ሳሙኤልን ደግሞ አስታውሱ (1 ሳሙ. 12፥3)። ሸምግሎ፣ ጠጉሩ ሸብቶ፣ በሕዝቡ ፊት ቆመና የአገልግሎቱን ሒሳብ አቀረበ። የመጀመሪያ ጥያቄው የማንን በሬ ወሰድሁ የሚል ነበር። ሕዝቡም የማንንም አልወሰድህም ብለው መሰከሩለት። ወንድሞቼ አገልጋዮች፣ ከእያንዳንዱ ኮንፈረንስ በኋላ ይህን ጥያቄ ጠይቀን ከከተማው የምንወጣ ብንሆን ስንቶቻችን እንወጣለን?

ጌታን ገና ለምትፈልጉ

ይህን የምታነቡ፣ ነገር ግን ገና ከኢየሱስ ጋር ያልተዋወቃችሁ ወዳጆች፣ በእኛ መካከል ያለውን ገበያ አይታችሁ ወንጌሉ ይህ ነው አትበሉ። ወንጌሉ የሚጀምረው በዋጋ አይደለም፤ በስጦታ ነው። መዳን በጸጋ ነው፣ ከሥራ አይደለም፤ የዳነውም ሰው መልካሙን ሥራ ለማድረግ ተፈጥሯል (ኤፌ. 2፥8-10)። በወይኑ አትክልት ምሳሌ (ማቴ. 20) በአሥራ አንደኛው ሰዓት የመጣው ሠራተኛ ሙሉ ዲናር ተቀበለ። ይህ ጌታ ከሚገባን አብልጦ ይሰጣል እንጂ ማንንም አያጎድልም። ከእርሱ ለመቀበል በሬ መሸጥ አያስፈልግም። ልጁን ሰጥቶናል።

የበሬው ነገር

ያን ወንድም መልስ ሳልሰጥ አልሸኘሁትም። “የጎደለው እምነትህ አይደለም፤ የጎደለው የእኔ ድፍረት ነው። ይቅር በለኝ” አልኩት። በሚቀጥለው እሑድ ያንኑ በማኅበረ ምዕመናኑ ፊት ደገምኩት። ቀላል አልነበረም፤ ከስብሰባው ወጥተው የሄዱም አሉ።

በዚያ ሳምንት አምስት ገበሬዎች ጥንድ በሬዎቻቸውን ይዘው በደቦ የሁለቱንም ማሳ አረሱ። በሬውን ስላጣው ጎረቤት እርሻ ጭምር ነው የደከሙት። ከአምስቱ ሁለቱ የእኛ ቤተ ክርስቲያን አባላት አይደሉም። ዘሩ ዘግይቶ ነው የገባው፤ በቆሎው እንደ ሌላው ዓመት አልሆነም። በሬው አልተመለሰም፤ ሰውየው አሁንም በቀን ሥራ ተቀጥሮ ጥጃ ለመግዛት ይቆጥባል። ልጁም ገና እዚያው ደቡብ አፍሪካ ነው፤ እንጸልይለታለን።

እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ አየዋለሁ። ለሰው ማሳ ሲያርም የራሱ እንደሆነ አድርጎ ነው የሚያርመው። ቅዳሜ ደግሞ ለጎረቤቱ ይሠራል፤ ማንም አላዘዘውም። ይህን የሚያይ አምላክ አለ። እርሱ አይረሳም፣ ደመወዝም አይለውጥም።

በመድረክ ላይ ለምትሸጡት ወንድሞች የምለው ይህ ነው፦ የወሰዳችሁትን በሬ መልሱ። ለምትገዙት ወገኖቼ ደግሞ፦ ግዢውን አቁሙ፤ ጌታችሁ ነጋዴ አይደለም። በእጃችሁ ያለውን ሥራ በታማኝነት ሥሩ፤ ድካማችሁ በጌታ ከንቱ አይደለም።

ጌታ ሆይ፣ ዝም ላልንበት ይቅር በለን። በስምህ የተዘረፉትን ካስልን። የደከመውን እጅ አበርታ። በመጨረሻ ከአፍህ የምንሰማውን ያን ምስጋና ከምድር ሀብት ሁሉ አብልጠን እንድንወድ ልባችንን ለውጥ። አሜን።